ሆን ብሎ የሚሳሳተው ሰብሳቢ

ሰውዬው ጠመኔውን ያነሳል። ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ቀመር ይጽፋል። ቀመሩ ስህተት ነው፣ ስህተት መሆኑንም ያውቃል፣ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ከተቀመጡት መካከል በዕድሜም በማዕረግም ትንሹ የሆነው ልጅ ዝም ማለት ያቅተውና "ቆይ፣ ይሄ እኮ ልክ አይደለም" ይላል። ሰሌዳው ፊት የቆመው ሰውዬ ፊቱ ይበራል። ሲጠብቅ የነበረው ይህችን ነው።

ሰውዬው ፒዮትር ካፒትዛ ይባላል፣ ሩሲያዊ የፊዚክስ ሰው። ቦታው ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ ጊዜው 1920ዎቹ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ መደመር መቀነስ እንዳይሆንባችሁ።) የእንግሊዝ ተማሪዎች አፋቸውን አልከፍት ብለውት ነው ይህን ብልሃት የዘየደው ይባላል። በአንድ የሳይንስ ዲፓርትመንት ውስጥ ስለሚደረግ ንግግርና መሰባሰብ አንድ ጉዳይ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ የምመርጠው ይህንን ነው። በዚያ ብልሃት ከመራው ክለብ ትልልቅ ስሞች ወጥተዋል፣ እሱን ሁሉም ያወራል። እኔን የሚገርመኝ ነገሩ የተሠራበት መንገድ ነው።

ታሪኩን መጀመሪያ ስሰማ ትዝ ያለኝ የራሴ ዲፓርትመንት ነው። ስሙ ይቅር። አንድ ቀን ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ንግግር ያደርጋል ተብሎ ባነር ተሰቀለ፣ እኛም ከክፍል ወጥተን አዳራሽ እንድንገባ ተነገረን። በሰዓቱ የተገኘነው ተማሪዎቹ ብቻ ነን። ዲኑ የመክፈቻ ንግግር አደረጉ፣ ሌላ ኃላፊ ተነስተው ዲኑን ስለ መክፈቻ ንግግራቸው አመሰገኑ፣ ከዚያ ፕሮጀክተሩ እምቢ አለ። እንግዳው መናገር ሲጀምር ግማሹ ሰው ዓይኑ ሻይ ወዳለበት በር ነው። ንግግሩ አለቀ። "ጥያቄ ያለው?" ተባለ። ጸጥ።

አጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ ደብተሩ ጥግ ላይ በእርሳስ አንድ መስመር ጽፎ ነበር። ዞር ብዬ ላነብ ስል በመዳፉ ሸፈነው። ከዚያ ሻይ ቡና ሆነ፣ መምህራኑ በአንድ ጠረጴዛ፣ እኛ ቦንቦሊኖአችንን ይዘን ግድግዳ ስር። የነገረኝ ወደ ዶርም ስንመለስ ነው። እንግዳው ደጋግሞ ያሳየው ግራፍ ላይ ያለው መለኪያና ሰንጠረዡ ላይ ያለው አይገጥሙም፣ አንዱ ከሌላው ሺህ እጥፍ ይበልጣል።

"ታዲያ ለምን አልጠየቅክም?"

"ብሳሳትስ?" አለኝ።

ይህችን "ብሳሳትስ" ያዙልኝ። ካፒትዛ የተዋጋው ከእሷ ጋር ነው።

የካምብሪጅ የፊዚክስ ቤት ካቨንዲሽ ላቦራቶሪ ይባላል። የተከፈተው በ1874 ነው፣ የመጀመሪያው ፕሮፌሰርም ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ነበር። ሰው የሚሰባሰብበት ቤት ያደረገው ግን ጄ.ጄ. ቶምሰን ነው፣ በኋላ ኤሌክትሮንን ያገኘው። ቶምሰን ወንበሩን የያዘው በ28 ዓመቱ ነው። በ1893 ካቨንዲሽ ፊዚካል ሶሳይቲ የሚባል በየሁለት ሳምንቱ የሚገናኝ ስብስብ አቋቋመ፣ ሻይ ታክሎበት። ሻዩን የምታስተናግደው ባለቤቱ ሮዝ ነበረች። ሮዝ ራሷ ከጋብቻዋ በፊት እዚያው ላቦራቶሪ ውስጥ በሳሙና ውሃ ስስ ሽፋን ላይ ሙከራ ስትሠራ የነበረች ሴት ናት። ካገባች በኋላ ሙከራው ቀርቶ ሻይው ቀጠለ። ይህችን ነገር በኋላ እመለስባታለሁ።

በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ እራት አለ። እራቱ ላይ ስለ አቶምና ስለ አዮን (ኤሌክትሪክ ቻርጅ ስላለው አቶም) የተገጠሙ ግጥሞችን በታወቁ ዜማዎች ይዘፍናሉ። እስቲ አስቡት፣ ቀን ላይ የጋዝ ቱቦ ሲለኩ የዋሉ ሰዎች ማታ ስለ ጋዝ ቱቦው ሲዘፍኑ።

በ1919 ቤቱ ለኧርነስት ራዘርፎርድ ተላለፈ። ራዘርፎርድ ከኒውዚላንድ ገጠር የመጣ፣ ግዙፍ፣ ቶሎ የሚቆጣና ቶሎ የሚበርድ ሰው ነው። ድምፁ ከመጉላቱ የተነሳ ስሱ መሣሪያዎች ይረበሹ ስለነበር ላቦራቶሪው ውስጥ "እባክዎ በቀስታ ይናገሩ" የሚል ጽሑፍ ተሰቅሎ ነበር። ራዘርፎርድ ልክ እዚያ ጽሑፍ ስር ቆሞ ሲያወራ የተነሳ ፎቶ አለ፣ ካላያችሁት ፈልጋችሁ እዩት። አንድ ሕግም ነበረው፦ ማታ 12 ሰዓት ሲሆን ላቦራቶሪው ይዘጋል። ማንም አያመሽም። ሂዱና አስቡ ነው ነገሩ። እኔ ይህ ሕግ ለክለቡ መፈጠር ትልቅ ድርሻ አለው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ወጣቶቹ ከራት በኋላ እጃቸው ባዶ፣ ጭንቅላታቸው ደግሞ ሙሉ ይሆናል።

የሶሳይቲው ስብሰባ ረቡዕ ላይ ነበር። ሌዲ ራዘርፎርድ ሻይ ትቀዳለች፣ ሻዩ ሲያልቅ ሰው ወደ ንግግሩ ይገባል፣ ራዘርፎርድም ከፊት ይቀመጣል። ጥሩ ስብሰባ ነበር። ግን የአለቃ ስብሰባ ነው። አለቃው የቱንም ያህል ጥሩ ሰው ቢሆን፣ ፊት ወንበር ላይ የኖቤል ተሸላሚ ተቀምጦ የኋላው ልጅ እጁን ለማውጣት ሁለቴ ያስባል።

ካፒትዛ የመጣው በ1921 ነው፣ የሶቪየት ሳይንስ ሰዎች ዕቃና መጻሕፍት ለመግዛት ወደ ምዕራብ ሲላኩ አብሮ። 27 ዓመቱ ነበር። ከጀርባው ያለው ግን የ27 ዓመት ሰው ሐዘን አይደለም፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ውስጥ አባቱን፣ ሚስቱን፣ ትንሽ ወንድ ልጁንና አራስ ሴት ልጁን በበሽታ አጥቷል። ራዘርፎርድን ልሥራ ብሎ ሲጠይቀው ቦታ የለም፣ ቤቱ ሞልቷል ተባለ። ካፒትዛ ዝም ብሎ አልወጣም። "ሙከራዎቻችሁ ላይ የምትቀበሉት የስህተት መጠን ስንት ነው?" ብሎ ጠየቀ። ሁለት ሦስት በመቶ ተባለ። "እንግዲያው እዚህ 30 ሰው ካለ እኔ ብጨመር አልታወቅም፣ ከስህተቱ መጠን ውስጥ ነኝ" አለው ይባላል። ራዘርፎርድ ሳቀ። ካፒትዛ ገባ። ወሬዋ በብዙ አፍ ስላለፈች ቃል በቃል እንዲህ ተባለ ብዬ አልምልም፣ የሰውዬውን ጠባይ ግን ቁልጭ አድርጋ ታሳያለች። ድፍረቱ ጨዋታ አለበት።

በ1922 ኦክቶበር፣ ገና ዓመት ከምናምኑ፣ ክለቡን ጀመረ። እንግዳ ነው፣ እንግሊዝኛው የተሰባበረ ነው፣ ሥልጣን የለውም። ማንንም አላስፈቀደም ማለት ይቻላል። ስሙም እንዲሁ የካፒትዛ ክለብ ተባለ። ማክሰኞ ማታ ከራት በኋላ በትሪኒቲ ኮሌጅ የመኖሪያ ክፍሎች ይገናኛሉ። ወንበር ያገኘ በወንበር፣ ያላገኘ ወለል ላይ። ወተት የበዛበት ቡና አለ። በእግር የሚቆም ጥቁር ሰሌዳ አለ። በቃ። ባነር የለም፣ መክፈቻ ንግግር የለም፣ "የተከበራችሁ ጥሪ የተደረገላችሁ እንግዶቻችን" የለም።

ሕጎቹ ጥቂት ናቸው፣ ግን ጥርስ አላቸው። አባላቱ የተወሰኑ ናቸው። አባል የሆነ ሰው በተራው ይናገራል፣ የማይናገር ወይም መቅረት የሚያበዛ ይሰረዛል። የንግግሩ ርዕስና የተናጋሪው ስም ደብተር ላይ ይሰፍራል። ተናጋሪውን ደግሞ በየትኛውም ቦታ ማቋረጥ ይቻላል። እኔ ቁልፉ ይህ የመጨረሻው ነው እላለሁ። እኛ ጋ ጥያቄ ለመጨረሻ ይቆያል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሰው ደክሞታል፣ ጥያቄውም ከቦታው ርቆ ትርጉሙ ጠፍቷል፣ የሚነሳውም "ንግግሩ በጣም አስተማሪ ነበር" ብሎ የሚጀምር ሰው ነው። መሃል ላይ የሚገባ ጥያቄ ግን ትንሽ ነው። "ይሄ ፊደል ምንን ይወክላል?" ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ትንሽ ጥያቄ መጠየቅ የለመደ ሰው ትልቁንም አንድ ቀን ይጠይቃል።

ሕግ ብቻውን ግን ዓይን አፋርን አያስወራም። ማቋረጥ ይፈቀዳል ብለህ ብትለጥፍም ማንም አያቋርጥህም። የእንግሊዞቹ ዝምታ ከእኛው ይሉኝታ ጋር የአክስትና የአጎት ልጅ ነው፦ ሰው ፊት መሳሳት ነውር ነው፣ ሰውን ሰው ፊት ማረም ደግሞ የባሰ ነውር። ስለዚህ ካፒትዛ ራሱ ቀድሞ ተሳሳተ። አንዱ ልጅ አረመው። ጣሪያው አልተደረመሰም። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሁለት ልጅ አረመው።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ "እኛ ጋ ቢሆን ሙድ ይያዝበታል" ይላል። ልክ ነው፣ ግን ማን ላይ? አዲስ የተቀጠረ ረዳት መምህር ሰሌዳ ላይ ቢሳሳት ወሬው እስከ ካፌ ይደርሳል። ፕሮፍ ቢሳሳቱ ግን ማንም አይናቃቸውም። ስህተት ለትልቅ ሰው ርካሽ ናት፣ ለትንሽ ሰው ውድ ናት። ካፒትዛም ቢሆን የራዘርፎርድ ዓይን ማረፊያ ስለሆነ ነው እንደ ልቡ የተጫወተው። ለራዘርፎርድ "አዞው" የሚል ቅጽል ስም እስከማውጣት ደርሷል፤ በ1933 ለካፒትዛ ሥራ የተሠራው ሞንድ ላቦራቶሪ ሲመረቅ ግድግዳው ላይ ትልቅ አዞ ተቀርጾ ነበር፣ እስከ ዛሬም አለ። አለቃውን አዞ ብሎ ግድግዳ ላይ የሚያስቀርጽ ሰው አንድ ቀመር ቢያበላሽ ምን ይሆናል?

አሁን ሁለት ማታዎችን ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው ጁላይ 28 ቀን 1925 ነው። እንግዳው ቨርነር ሃይዘንበርግ ነው፣ ጀርመናዊ፣ 23 ዓመቱ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት የአበባ ብናኝ አለርጂ ፊቱን አሳብጦት ሄልጎላንድ ወደምትባል ዛፍ አልባ ደሴት ሸሽቶ ነበር፣ እዚያም ሆኖ የፊዚክስን መሠረት የሚነቀንቅ ስሌት ሠርቷል። ጽሑፉ ገና አልታተመም። መጽሔቱ እንደደረሰው የመዘገበው በማግስቱ፣ ጁላይ 29 ነው። ታዲያ ሃይዘንበርግ በክለቡ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ስለ ምን ተናገረ? ስለዚህ አይደለም። የንግግሩ ርዕስ "ተርም ዙኦሎጂ እና ዚማን ቦታኒ" የሚል ቀልድ ነበር። የአቶም የብርሃን መስመሮች ብዛት ላይ መቀለዱ ነው፣ ንድፈ ሐሳብ ስለሌለን እንደ እንስሳና እንደ ዕፅዋት እየለቀምን በየዓይነቱ መደርደር ብቻ ሆኗል ሥራችን ለማለት።

አዲሱን ነገር የነገረው ለራልፍ ፋውለር ነው፣ ለብቻው። ፋውለር የካምብሪጅ ቲዎሪ ሰው ነው፣ የራዘርፎርድም አማች። ጽሑፉ ሲታተም ላክልኝ አለው። ኦገስት ላይ የማረሚያው ቅጂ መጣ። ፋውለር አንብቦ፣ ምን ይመስልሃል የሚል አንድ መስመር ጫር አደረገበትና ለአንድ ተማሪው ላከው። ተማሪው ለክረምት እረፍት ብሪስቶል እናት አባቱ ጋ ነበር። ፖል ዲራክ ይባላል።

ዲራክ መጀመሪያ ሲያነበው ብዙም አልገረመውም፣ አስቀመጠው። አንድ ሳምንት ምናምን ቆይቶ ተመለሰበትና ከጽሑፉ ውስጥ አንድ የምታስቸግር ነገር ለይቶ አወጣ፦ ሁለት መጠኖችን ስታባዛ ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል፣ ሀ ሲባዛ በለ እና ለ ሲባዛ በሀ እኩል አይደሉም። ሃይዘንበርግ ራሱ በዚህች ነገር ያፍርባት ነበር። ዲራክ ግን ዋናው እሷ ናት አለ። ኦክቶበር ላይ ካምብሪጅ ተመልሶ አንድ እሁድ በእግሩ ሲንሸራሸር ከዚህ በፊት መካኒክስ ላይ ያየው አንድ ነገር ብልጭ አለለት፣ የፖዋሶን ብራኬት የሚባለው፣ ሁለት መጠኖች ቦታ ሲለዋወጡ ምልክቱ የሚገለበጥ የድሮ ስሌት። ግን በደንብ አያስታውሰውም። ቤቱ ያሉት መጻሕፍት ውስጥ የለም። ቤተ መጻሕፍቱ እሁድ ዝግ ነው። ሌሊቱን እንዲሁ አሳልፎ ሰኞ ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱ ሲከፈት ሄዶ አየው፣ ልክ ነበር። ጽሑፉ ኖቬምበር 7 ለመጽሔት ገባ። 23 ዓመቱ ነው።

እንግዲህ እዩት። በዚያ ማታ ስለ ዋናው ነገር ንግግር አልተደረገም። ተናጋሪው ስለ ሌላ ነገር ቀለደ፣ ከአንድ ሰው ጋር ወሬ ጀመረ፣ ያ ሰው ለተማሪው ወረቀት ላከ። ንግግሩ ሰበብ ነበር። ይህንን ለበጀት ኃላፊ እንዴት አድርገህ ታስረዳዋለህ? "የዝግጅቱ ውጤት" በሚለው ሳጥን ውስጥ ምን ብለህ ትሞላለህ?

ሁለተኛው ማታ ፌብሩዋሪ 1932 ነው። ይሄኛው የጭብጨባ ነው። ጄምስ ቻድዊክ፣ የራዘርፎርድ ቀኝ እጅ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ፈገግታ የሚከብደው ሰው። ራዘርፎርድ በ1920 አቶም እምብርት ውስጥ ቻርጅ የሌለው ቅንጣት ሳይኖር አይቀርም ብሎ ነበር፣ ቻድዊክም ከዚያ ጀምሮ ሲፈልገው ኖሯል። በ1932 መጀመሪያ ፓሪስ ያሉት ኢሬን ኩሪና ፍሬደሪክ ዦልዮ ቤሪልየምን ሲመቱ የሚወጣው ጨረር ከፓራፊን ሰም ውስጥ ፕሮቶን እያስፈነጠረ እንደሚያወጣ ጻፉ፣ ጨረሩንም ጋማ ነው አሉ፣ ማለትም ኃይለኛ የብርሃን ዓይነት። ቻድዊክ ይህንን አነበበ፣ ለራዘርፎርድ ነገረው፣ ራዘርፎርድ በጋማው ማብራሪያ "አላምንም" አለ። ቻድዊክ ወደ ሥራ ገባ። ቤሪልየሙን የሚመታውን ጨረር የሚሰጠውን ፖሎኒየም ያገኘው ባልቲሞር ካለ ሆስፒታል ከመጡ ያገለገሉ የራዶን ቱቦዎች ነበር። ከሦስት ሳምንት ለማይበልጥ ጊዜ እንቅልፍ በሌሊት ሦስት ሰዓት ገደማ ብቻ እየተኛ ሠራ። ፌብሩዋሪ 17 ለመጽሔት ደብዳቤውን ጻፈ።

ከዚያ ማክሰኞ መጣ። ካፒትዛ ቻድዊክን አስቀድሞ ትሪኒቲ ውስጥ ራት ጋበዘው፣ ጥሩ አብልቶ አጠጣው። ይህችን ራት ማንም እንደ ቁም ነገር አይቆጥራትም፣ እኔ እቆጥራታለሁ። ለሳምንታት በቅጡ ያልበላ፣ ያልተኛ፣ በተፈጥሮውም ዝጉ የሆነ ሰው ነው። ጠግቦ፣ ሞቆት፣ ፈታ ብሎ ነው ሰሌዳው ፊት የቆመው። በዚያ ማታ የነበሩ ሰዎች እንዳወሩት አጭር፣ ግልጽ፣ ከሌሎች የወሰደውን ሳይደብቅ ተናገረ። ጋማ አይደለም፣ ያ ቻርጅ የሌለው ቅንጣት፣ ኒውትሮን ነው። ሲጨርስ ደግሞ፣ አሁን የምፈልገው በክሎሮፎርም አደንዝዛችሁ ለሁለት ሳምንት እንድታስተኙኝ ብቻ ነው የሚል ነገር አለ። በ1935 ኖቤል ተሸለመበት። ዓለም በይፋ በመጽሔት ሳያነበው በፊት ወለል ላይ የተቀመጡ ተማሪዎች ሰምተውታል ማለት ነው፤ ደብዳቤው የታተመው ፌብሩዋሪ 27 ነው።

ሌላም አለ። በ1933 ካፒትዛና ዲራክ አብረው አንድ ጽሑፍ አወጡ። አንዱ በእጁ ግዙፍ ማግኔት የሚሠራ፣ ለፍላፊ ሩሲያዊ፤ ሌላው በሰዓት አንድ ቃል የሚናገር ይመስል የሚቀለድበት የወረቀት ሰው። ብርሃን ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ በሚሠራው ቋሚ ሞገድ ላይ ኤሌክትሮን ሊበተን ይችላል አሉ። በጊዜው የነበረው ብርሃን አይበቃም ነበር። ኤሌክትሮን ላይ በግልጽ የታየው ሌዘር መጥቶ፣ በ2001 ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች በክፍለ ትምህርት አደረጃጀት ቢሆን ኖሮ መቼም አንድ ወረቀት ላይ አይፈራረሙም ነበር።

ክለቡን ስናመሰግን የማይመቸውንም እንናገር። በር የተዘጋበት ነበር። በግብዣ ነው የሚገባው፣ ቦታው የወንዶች ኮሌጅ ውስጥ ያለ መኖሪያ ነው፣ ሰዓቱ ማታ ነው። ካምብሪጅ ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ የሰጠው በ1948 ነው፣ ማለትም ኒውትሮን ከተገኘ 16 ዓመት በኋላ። ሮዝ ቶምሰንን አስታውሱ። ሙከራ ጀምራ ሻይ ቀጂ የሆነችው ሴት የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለችም፣ የቤቱ ሥርዓት ነበረች። "ሁሉም እኩል ያቋርጣል" ሲባል ሁሉም የሚለው ቃል ወለሉ ላይ የተቀመጡትን ብቻ ነው የሚያካትተው። እኛም ጋ ብዙው ቁም ነገር ማታ፣ ግቢ በር ላይ ባለች ጀበና ቡና ቤት ውስጥ ነው የሚወራው፣ እዚያች የፕላስቲክ በርጩማ ላይ መምህሩም ተማሪውም እኩል ጉልበታቸውን አጥፈው ይከራከራሉ። ደስ ይላል። የዶርም ሰዓት ያለባት ሴት ተማሪ ግን አቦሉ ላይ ተነስታ መሄድ አለባት፣ ክርክሩ ደግሞ የሚግለው በረካው ላይ ነው።

ለካፒትዛ ክለብ ከባዱ ፈተና የመጣው በ1934 ነው። ካፒትዛ እንደ ልማዱ ለክረምት እረፍት ወደ ሶቪየት ሄደ። ሊመለስ ሲል አትመለስም ተባለ። ባለቤቱ አና ለብቻዋ ካምብሪጅ ወደቀሩት ሁለት ወንድ ልጆቻቸው ተመለሰች። ራዘርፎርድ ለማስለቀቅ ደከመ፣ አልሆነም። በመጨረሻ የካፒትዛ መሣሪያዎች በ30,000 ፓውንድ ለሶቪየት ተሸጠው ሞስኮ ተላኩለት። ነገሩ የሚያሳዝንም የሚያስቅም መጨረሻ አለው፦ ፈሳሽ ሂሊየም በጣም ሲቀዘቅዝ ያለ ምንም መጎተት እንደሚፈስ ካፒትዛ ሞስኮ ውስጥ አገኘ፣ እዚያው እሱ በለቀቀው የካምብሪጅ ላቦራቶሪ ውስጥ ደግሞ አለንና ማይዝነር የሚባሉ ሁለት ሰዎች ይህንኑ አገኙ፣ ሁለቱም ጽሑፎች በ1938 በአንድ መጽሔት ጎን ለጎን ወጡ። ካፒትዛ ኖቤሉን ያገኘው በ1978 ነው፣ 84 ዓመቱ ላይ።

ክለቡስ? ባለቤቱ ከሄደ በኋላ ይበተናል ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔም ጠብቄ ነበር። እኛ ጋ የአንድ ሰው ጉልበት ያቆመው ነገር ሰውዬው ለፒኤችዲ ሲወጣ አብሮ አውሮፕላን ይሳፈራል። ይሄኛው ግን ቀጠለ። ጆን ኮክሮፍትና ሌሎቹ ያዙት፣ ደብተሩ መሞላቱን አላቆመም፣ እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ሄደ። ስሙን እንኳን አልቀየሩም። ምክንያቱ ይመስለኛል ዕቃው ጥቂት መሆኑ ነው። ሰሌዳ፣ ቡና፣ ደብተር። በጀት የሌለው ነገር በጀት ሲቆረጥ አይሞትም። ካፒትዛም ሞስኮ ላይ በራሱ ኢንስቲትዩት ውስጥ ረቡዕ ረቡዕ ተመሳሳይ ሴሚናር አቋቋመ፣ ከንግግሩ በኋላ ሻይ ያለበት።

በ1966 ከ32 ዓመት በኋላ ካምብሪጅ ሲመለስ ክለቡን አንድ ጊዜ እንደገና ሰበሰቡለት፣ የመጨረሻው ስብሰባም ሆነ። በዚያ ጉዞው ትሪኒቲ ራት ሊገባ ሲል እዚያ ራት ላይ የሚለበሰው ካባ እንደሌለው ትዝ አለውና አንዱን አስተናጋጅ ጠየቀ ይባላል። አስተናጋጁ ለመጨረሻ ጊዜ እዚህ ራት የበሉት መቼ ነው አለው። ከ32 ዓመት በፊት። ሰውዬው ገብቶ የካፒትዛን የድሮ ካባ ይዞ ተመለሰ።

ያ ጓደኛዬ፣ ደብተሩን በመዳፉ የሸፈነው፣ አሁን እሱም አስተማሪ ሆኗል። በቀደም ደወልኩለትና የካፒትዛን ብልሃት ነገርኩት፣ ሆን ብለህ ተሳሳትላቸው አልኩት። ሳቀ።

"አንተ ደግሞ፣ እኔ ሆን ብዬ አይደለም፣ ከልቤ ነው የምሳሳተው" አለኝ። "ባለፈው ሳምንት አንድ ቀመር ላይ የመቀነስ ምልክት ረሳሁ። ሁሉም በደብተራቸው ገለበጡት። ፈተና ላይ 60 ልጅ ከነስህተቱ ጻፈልኝ።"